የማኅበር ጽዋና በማኅፀን ያለ ሕፃን

የዚህ ሳምንት ጽሑፋችን የተነሣው ከአንድ ዋንጫ ጠላ ነው።

ኅዳር 12 ቀን የሚካኤል በዓል በሚከበርበት ዕለት በፎገራ፣ ከወረታ ከተማ አጠገብ ባለችው በቁሐር ሚካኤል፣ ከአንድ ገበሬ ቤት በእንግድነት ተቀምጠን ነበር። ኅዳር በዚያ ሜዳ ላይ መልካም ወር ነው፤ በክረምት ከዳር እስከ ዳር የሚያጥለቀልቁት ርብና ጉማራ ወደ ልካቸው ተመልሰዋል፤ ሩዙ ብጫ ሆኖ ለማጭድ ደርሷል፤ አጨዳው በቀደመበትም ማሳ በጥቁሩ መሬት ውስጥ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። በቤቱ ውስጥ ዳቦው ተቈርሶ፣ ጠላው በየዋንጫው ተቀድቶ ሲታደል፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋው የቤቲቱ እመቤት ከእንስራው ራሳቸው አስቀድተው ለልጃቸው ሚስት አቀረቡላት። እርሷም የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

«ያዢ እንጂ ልጄ፤ የሚካኤል ጽዋ ነው፤ ለሆድሽም ይበጃል» አሏት።

ልጂቱ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ነገር ግን ወደ አፏ አላደረሰችውም። «እሜቴ፣ አይቈጡኝ፤ የጤና ሠራተኛዋ እስክትወልጂ ድረስ ጠላም ሆነ አረቄ አትቅመሺ ብላ አስጠንቅቃኛለች» አለች።

«እንግዲህ እኔ ሰባቱን የወለድሁ ውሃ እየጠጣሁ ነውን?» አሉና ወደ እኛ ዘወር ብለው «እስቲ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ይፍረዱን» አሉ።

በማዕድ ላይ ሆኖ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አጭር መሆን አለበትና በዚያን ጊዜ ለልጂቱ ከመፍረድ በቀር ብዙ አልተናገርንም። እኒያ እመቤት ግን የጠየቁት ከልብ ነው፤ የሰባት ልጆች እናት ያየችውን እንድትክድ ሊፈረድባት አይገባም። ስለዚህ ያን ዕለት ያላደረስነውን መልስ ዛሬ በሰፊው እንጽፋለን። ነገሩ ከሕዋስ ሕይወትና ሞት ስለሚነሣ አንባቢ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን።

የሰው አንጎል በአካለ መጠን ሲደርስ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉት ሊቃውንት ቈጥረዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ የሚፈጠሩት ሕፃኑ ገና በማኅፀን ሳለ ነው። ይልቁንም የሚያስደንቀው ከተፈጠሩት ውስጥ እጅግ ብዙዎቹ፣ በአንዳንዱም የነርቭ ክፍል እኩሌታ የሚሆኑት፣ ሕፃኑ ጤናማ ሆኖ እያደገ ሳለ መሞታቸው ነው። በቆሎ የሚዘራ ሰው ዘሩን አብዝቶ ዘርቶ ቡቃያው ከወጣ በኋላ እንደሚያሳሳ፣ ተፈጥሮም በአንጎል ውስጥ አብዝታ ትዘራለች፤ ኋላም ታሳሳለች። ከጓደኞቹ ጋር በደኅና የተገናኘው ሕዋስ ይቀራል፤ ያልተገናኘው ይወገዳል።

ይህን ምሥጢር ከገለጡት ሊቃውንት አንዲቱ ኢጣሊያዊቷ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ናት። አገራችንን በግፍ ይዞ የነበረው የሙሶሊኒ መንግሥት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1938 አይሁዳውያንን ከሥራና ከትምህርት ቤት የሚያስወጣ ሕግ ባወጣ ጊዜ፣ እርሷም ከሥራዋ ተባርራ በቶሪኖ ከተማ በመኝታ ቤቷ ውስጥ ትንሽ የምርመራ ክፍል አበጀች፤ በዚያም የዶሮ ዕንቍላል እየሰበረች በጫጩት ፅንስ ላይ የነርቮችን አስተዳደግ መረመረች። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ወደ አሜሪካ ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሄዳ ከቪክቶር ሃምቡርገር ጋር ሠራች። በኋላም የነርቭ ሕዋሳት በሕይወት ለመኖር ከሚደርሱበት አካል የሚላክላቸው አንድ ፕሮቲን እንደሚያስፈልጋቸው ስለ ገለጠች፣ በ1986 ከስታንሊ ኮኸን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለች። አሳዳጆቿ ግን ከመንበራቸው ከወደቁ አርባ ዓመት አልፏቸው ነበር።

ይህ የሕዋስ ሞት በአደጋ ወይም በቍስል ከሚመጣው ሞት የተለየ ነው። ኬር፣ ዋይሊና ከሪ የሚባሉ ሦስት ሐኪሞች በ1972 ለዚህ ሞት ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ስም አወጡለት፤ ትርጓሜውም የቅጠል መርገፍ ማለት ነው። ሕዋሱ ይኰማተራል፤ ውስጡን በሥርዓት ይቈራርጣል፤ እብጠትም መግልም ሳይኖር ጎረቤቶቹ ሕዋሳት ይበሉታል። እጅግ ትንሽ በሆነች በአንዲት ትል ላይ በተደረገ ምርመራ፣ በአስተዳደጓ ከሚፈጠሩት 1,090 ሕዋሳት መካከል 131ዱ ሁልጊዜ በተወሰነ ቦታና በተወሰነ ሰዓት እንደሚሞቱ ተቈጥሮ ተገኝቷል። ይህንና ይህን ሞት የሚያዝዙትን ጂኖች ያገኙት ብሬነር፣ ሰልስተንና ሆርቪትዝ በ2002 ተሸልመዋል። ለሞት የሚያዝዝ ጂን አለ ማለት ለሰሚው ይከብዳል፤ ነገሩ ግን በሰውም ውስጥ እንዲሁ ነው።

ጂን ምን እንደ ሆነ በመሥሪያ ቤት ምሳሌ ብንናገር ለአብዛኞቹ አንባቢዎቻችን ይቀላቸዋል። እያንዳንዱ ሕዋስ ከአባትና ከእናት የወረሰው አንድ ሙሉ መዝገብ ቤት አለው፤ በውስጡም 20,000 ያህል ፋይሎች ይገኛሉ። የጉበትም ሕዋስ የአንጎልም ሕዋስ መዝገባቸው አንድ ነው። የሚለያዩት በየትኛው ፋይል ላይ ግልባጭ እያወጡ ወደ ሥራ እንደሚልኩ ነው። ዋናው ጽሑፍ ከመዝገብ ቤቱ አይወጣም፤ ግልባጩ ብቻ ወጥቶ ወደ ሕዋሱ የሥራ ስፍራ ይደርሳል፤ በግልባጩም መሠረት ፕሮቲን ይሠራል። ሊቃውንት «ጂኑ ተገለጠ» የሚሉት ይህን ግልባጭ የማውጣትን ሥራ ነው። ከእነዚህ ፋይሎች መካከል ታዲያ ሕዋሱ ራሱን እንዴት እንደሚያፈርስ የተጻፈባቸው አሉ፤ በጤናማውም ሕዋስ ውስጥ ተዘግተው ይቀመጣሉ።

የሚከፈቱት መቼ ነው? ሕዋሱ ከሚገናኝበት ወገን «አለሁ፣ በርታ» የሚል መልእክት ሳይደርሰው ሲቀር ነው። ማርቲንና ጆንሰን ከጓደኞቻቸው ጋር በ1988 ባሳተሙት ምርመራ፣ የነርቭ ሕዋሳትን ከአይጥ ወስደው በሳሕን ላይ አሳድገው ያን የሚያኖራቸውን ፕሮቲን ከለከሏቸው፤ ሕዋሳቱም ሞቱ። ፕሮቲኑን ከልክለው ሳለ ግልባጭ የማውጣትን ሥራ በመድኃኒት ባስቆሙ ጊዜ ግን ሕዋሳቱ ሳይሞቱ ቈዩ። ከዚህ የተነሣ ሕዋሱ የሚሞተው እንደ ተራበ ሰው ደክሞ ሳይሆን የራሱን ትእዛዝ አውጥቶ እንደ ሆነ ታወቀ። ኋላም ከሚወጡት ግልባጮች አንዱ ሲ-ጁን የሚባለው ጂን እንደ ሆነ ተገኘ። ትእዛዙ ከወጣ በኋላ ባክስ የተባለ፣ ቀድሞ በሕዋሱ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠባበቅ ፕሮቲን ተነሥቶ የሕዋሱን ምድጃዎች፣ ማለት ኃይል የሚሠራባቸውን ክፍሎች፣ ይበሳል፤ ካስፔዝ የሚባሉትም እንደ መቀስ ያለውን ሁሉ ይቈራርጣሉ። ከዚህ በኋላ መመለሻ የለውም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ወደ ዋንጫው እንመለስ።

ነፍሰ ጡር እናት የጠጣችው አልኮል በደሟ ገብቶ በእንግዴ ልጁ በኩል ያለ ከልካይ ወደ ሕፃኑ ያልፋል፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ በሕፃኑ ደም ውስጥ ያለው መጠን ከእናቲቱ ጋር ይቀራረባል። የእናቲቱ ጉበት አልኮሉን ያጠፋዋል፤ የሕፃኑ ጉበት ግን ለዚህ ሥራ ገና አልበሰለም። ሕፃኑ አብሯት ይጠጣል ማለት ነው፤ የሚሰክርበትም አንጎል ገና በመሠራት ላይ ያለ አንጎል ነው።

በ2000 ዓመት በአውሮፓ አቈጣጠር፣ በበርሊን የነበረችው ኢኮኖሚዱና በሴንት ሉዊስ የነበረው ኦልኒ ከጓደኞቻቸው ጋር አንድ ከባድ ነገር አሳተሙ። ሰባት ቀን ለሆናቸው የአይጥ ግልገሎች በአንድ ቀን ውስጥ ብቻ አልኮል ሰጥተው አንጎላቸውን በመረመሩ ጊዜ፣ በሥርዓት ከሚሞተው ቍጥር እጅግ የሚበልጥ የነርቭ ሕዋስ በዚያው በቅጠል መርገፍ ዓይነት ሲሞት አገኙ። በአይጥ ይህ ሰባተኛ ቀን ለሰው ልጅ ከእርግዝና የመጨረሻ ሦስት ወራት ጋር የሚነጻጸር፣ ነርቭ ከነርቭ ጋር በብዛት የሚጋጠምበት ዘመን ነው፤ በሰው ዘንድ ግን ከልደትም በኋላ ጥቂት ዓመታት ይቀጥላል።

ምክንያቱንም እንዲህ ገለጡት። በአንጎል ውስጥ ከጎረቤት ሕዋስ የሚደርሰው የነርቭ ምልክት ራሱ እንደ መልእክት ይቈጠራል። አልኮል ደግሞ የሚያነቃውን ምልክት መቀበያ በር ይዘጋል፤ የሚያረጋጋውን በር ይከፍታል። ሕዋሱ በደኅና ከጓደኞቹ ጋር ተገናኝቶ ሳለ ዙሪያው ሁሉ ጸጥ ይልበታል። ርብ ሞልቶ መንገድ በቈረጠ ጊዜ ደብዳቤ ያጣ ሰው ዘመዶቼ ረሱኝ እንደሚል፣ ሕዋሱም የተተወ መስሎት የሞትን ፋይል ይከፍታል። ሊቀር የሚገባው ቡቃያ ከሚነቀለው ጋር አብሮ ተነቀለ ማለት ነው። ባክስ የተባለው ጂን የሌላቸውን አይጦች በመረመሩ ጊዜ አልኮሉ ይህን ሞት አላመጣባቸውም፤ በዚህም አልኮል ሌላ አዲስ መርዝ ይዞ ሳይሆን በዚያው በተፈጥሮ መንገድ እንደሚገድል ተረጋገጠ። በ2006 የታተመ ሌላ ምርመራ ደግሞ በአይጥ ግልገሎች ደም ውስጥ ያለው አልኮል በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 50 ሚሊ ግራም ደርሶ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ቢቈይ እንኳ ሞቱ ከልክ እንደሚያልፍ አሳይቷል። ይህ መጠን በብዙ የአውሮፓ አገሮች ለመኪና ነጂ የተወሰነው ወሰን ነው።

አይጥ ሰው አይደለም፤ ይህን የሚል አንባቢ ልክ ነው፤ በሰው ሕፃንም ላይ እንዲህ ያለ ምርመራ ሊደረግ አይቻልም፤ አይገባምም። ነገር ግን የሰው ልጅ ማስረጃ ቀድሞ መጥቷል። በፈረንሳይ በናንት ከተማ ሐኪሙ ፖል ለሟን በ1968፣ በአሜሪካም በሲያትል ጆንስና ስሚዝ በ1973፣ አብዝተው ከሚጠጡ እናቶች የተወለዱ ልጆችን አይተው የሚመሳሰሉበትን ምልክት ጽፈዋል። የዐይናቸው ስንጥቅ አጭር፣ የላይኛው ከንፈራቸው ስስ፣ ከአፍንጫ በታች ያለው ቦይ የተደለደለ፣ ቁመታቸውም ራሳቸውም ትንሽ ነው። ከመልካቸው ይልቅ ግን የሚጎዳው ትምህርታቸው ነው፤ ማስታወስ፣ ቍጥር መቍጠር፣ ራስን መግዛት ይከብዳቸዋል። መልካቸው እንደ ማንኛውም ልጅ ሆኖ ጠባያቸውና ትምህርታቸው ብቻ የተጎዳም አሉ፤ እነዚህ በአገራችን ሰነፍ ወይም ባለጌ ተብለው የሚገረፉ እንዳይሆኑ እንሠጋለን።

ፎገራ የነርቭን ሕዋስ ጉዳት በሌላ መንገድ ታውቀዋለች፤ በመግቢያችን የጠቀስነው ጓያ ምስክር ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት በደንቢያና በፎገራ ብዙ ሰዎች፣ ይልቁንም ወጣት ወንዶች፣ ሌላ እህል ባነሰበት ጊዜ ጓያ አብዝተው በመብላታቸው እግራቸው ተሳስሮ በምርኵዝ ቀሩ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከጓደኞቻቸው ጋር ይህን ደዌ በሰፊው መርምረዋል። በጓያ ውስጥ ያለው መርዝ የሚያነቃውን የነርቭ ምልክት ይመስላልና ሕዋሱን ያለ ዕረፍት እየጮኸበት ያደክመዋል። አልኮል በጸጥታ፣ ጓያ በጩኸት፤ ሁለቱም የነርቭን ሕዋስ ይጎዳሉ። የጓያ ጉዳት ግን በእግር ላይ ስለሚታይ ገበሬው ጓያን ይፈራዋል፤ አጥቦና ዘፍዝፎ ውሃውን ደፍቶ ያበስለዋል። ጠላውን የሚፈራበት ምክንያት ለዐይኑ አልታየውም።

አሁን ለእሜቴ ጥያቄ መልስ እንስጥ። ሰባት ልጆች ወልደው ሁሉም ደኅና ከሆኑ እግዚአብሔር ይመስገን። አልኮል በማኅፀን ያለውን ሕፃን ሁሉ እኩል አይጎዳም። ስንት እንደ ተጠጣ፣ በአንድ ጊዜ ነው ወይስ ጥቂት በጥቂት፣ በስንተኛው ወር፣ እናቲቱም በልታ ነው ወይስ በባዶ ሆዷ፣ ጉበቷም አልኮልን በፍጥነት ያጠፋል ወይስ በዝግታ፣ ይህ ሁሉ ይለያያል። የቤት ጠላ ከጠጅ፣ ጠጅም ከአረቄ የደከመ ነው። ከዚህም በላይ ትንሽ ጉዳት አይታይም፤ አንድ ልጅ ሊደርስበት ይችል የነበረውን ባይደርስ ያን ያልደረሰበትን ማን ያያል? ሐኪሞች ለነፍሰ ጡር ጉዳት የለውም ተብሎ የሚለካ መጠን አልተገኘም የሚሉት ስለዚህ ነው። የተገኘ ቢሆን ኖሮ በደስታ በጻፍነው ነበር፤ በዓልን ያለ ጠላ ማሰብ ለእኛም ይከብደናልና።

ሳታውቅ የጠጣች እናት ግን ይህን አንብባ ልቧ እንዳይሰበር እንለምናለን። አንጎል የሚሠራበት ዘመን ረጅም ነው፤ ዛሬ የተወችው ዛሬ ይጠቅማል። ለሐኪሟም ያለ ኀፍረት ትንገረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባለን። በ2002 እነዚሁ በርሊናውያን ሊቃውንት ለሚጥል በሽታ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም፣ ፌኖባርቢታል የሚባለውም ከእነዚህ ጋር፣ በአይጥ ግልገሎች ላይ ተመሳሳይ ነገር እንዳደረጉ ጽፈዋል። ይህን ሰምታ መድኃኒቷን በገዛ እጇ የምታቋርጥ እናት ብትኖር በራሷም በሕፃኑም ላይ ሞት ልታመጣ ትችላለች። የመድኃኒት ነገር ከሐኪም ጋር ብቻ የሚመከር ነው፤ ጠላን ለመተው ግን ሐኪም አያስፈልግም።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባው ነገር ብዙ አይደለም፤ ችግሩ የይሉኝታ ነው። ነፍሰ ጡሯ በማኅበር ላይ «አልጠጣም» ስትል የአስተናጋጇን ክብር የነካች ትመስላለች፤ በከተማም በታላላቅ ቤቶች ጠላው ወደ ቢራ፣ ወደ ወይንና ወደ ውስኪ ተለውጦ ይሉኝታው እንዳለ ነው። ስለዚህ እምቢ የማለቱ ሸክም በእርሷ ላይ ባይጣል መልካም ነው። የቤቱ ባለቤት ግብዣውን ሲያዘጋጅ በዚያው ቀን የተበጠበጠ ብርዝ ከጠላው ጋር አብሮ ያቅርብ፤ ያደረ ብርዝ ግን ይፈላልና ወደ ጠጅ መንገድ ጀምሯል። ባልም በሚስቱ ፊት ዋንጫውን አንሥቶ «ለእርሷ እኔ እጠጣላታለሁ» ቢል ማንም አይቀየምም፤ ከቻለም እስክትወልድ አብሯት ቢተው ይበልጣል። ጠላ ጠማቂ የሆነች ነፍሰ ጡር ደግሞ ድፍድፉን ለመቅመስ ሌላ ሰው ትጥራ፤ ቀምሳ ስትተፋም ሆነ ስትውጥ በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምትቀምስ ራሷም አትቈጥረውምና።

በቁሐር ሚካኤል በዚያን ዕለት የሆነውን ለመጨረስ ያህል፤ እሜቴ መልሳችንን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ዋንጫውን ከምራታቸው እጅ ተቀብለው ራሳቸው ጠጡት። «ስንት ወር ቀራት?» ብለው ጠየቁ። «ሦስት» አለች ልጂቱ። «ጥምቀትም በዚሁ ውስጥ ነው እንግዲህ» አሉና የቤቱን ልጅ ጠርተው ከጓዳ ያለውን ማር እንዲያመጣ ላኩት።